ቬች ዩሪያን ይተካል? የወሎ ማሳና የናይትሮጅን ሂሳብ

የመኸር እርሻ ሲቃረብ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ የገበሬው ወሬ አንድ ነው፤ ማዳበሪያ ገባ ወይ፣ ዋጋው ስንት ሆነ፣ ለማን ይደርሳል። ወሬው ያለ ምክንያት አልከረረም። አገሪቱ ናይትሮጅን የሚሰጠውን ዩሪያንም፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበትን ኤንፒኤስንም ከውጭ በዶላር ገዝታ ነው የምታስገባው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ተተክሎ ምርቱ ደላንታ ወይም መቄት ማሳ ላይ እስኪደርስ ዓመታት ማለፋቸው አይቀርም።

በዚህ መሀል ቬች ስለሚባለው የመኖ ሰብል ሌላ ወሬ አብሮ ይሰማል፤ "ቬች የዘራ ሰው ዩሪያ አያስፈልገውም" የሚል። ማሳው ይሸፈናል፣ ከብቱ ይጠግባል፣ አፈሩ ከአየር ማዳበሪያ ያገኛል፣ ሁሉም በአንድ ዘር። ከዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ሳይነገር የሚቀረው ግማሽ ግን ለወሎ ገበሬ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ሦስት ሥራ የተጫነበት አንድ ሰብል

ቬች ሐረግ የሚጥል፣ ቅጠሎቹ ቀጫጭንና ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ፣ አበባው ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ መልክ ያለው የመኖ ጥራጥሬ ነው። ላልለመደው ሰው ጓያ ይመስለዋል። በእጽዋት አመዳደብ ግን ይበልጥ የሚቀርበው ባቄላን ነው፤ ሁለቱም ቪሲያ በሚባለው አንድ ወገን ውስጥ ናቸው። ይህ ዝምድና ኋላ ላይ ጥቅምም ጉዳትም ይዞ ይመጣል። ቬች ብቻውን አይደለም። ለቆላው ላብላብ፣ የላም አተርና ዴስሞዲየም፣ ለእርከን ዳር ሰስባኒያ፣ ለደጋው ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ፣ ውኃ ላለው አልፋልፋ አለ። በደጋው የግጦሽ መሬት ሣር መሀል ራሱን ችሎ የሚበቅለው ዋጅማም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ለእነዚህ ሰብሎች የሚሰጡት ሦስት ስሞች ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አፈሩ ራቁቱን ሆኖ ዝናብና ፀሐይ እንዳይመታው የሚዘራው የመሬት ሽፋን ሰብል ይባላል። አበባ ላይ ሲደርስ ታርሶ ከነለምለሙ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል አረንጓዴ ማዳበሪያ ነው። ታጭዶ ለከብት ሲሰጥ መኖ ነው። አንድ ማሳ ሦስቱንም ሥራ በየተራ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ኪሎ ናይትሮጅን በአንድ ጊዜ አፈር ውስጥም በሬ ሆድ ውስጥም ሊሆን አይችልም። በአደባባይ የሚነገረው የተሳከረው የሦስቱ ጥቅም አንድ ላይ ስለሚደመር ነው።

ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጤፉም ስንዴውም በዚህ አየር ተከቦ ይቆምና በናይትሮጅን እጦት ይገረጣል፤ ምክንያቱም በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በኃይል የተቆራኘ ስለሆነ ተክል ሊፈታው አይችልም። የዩሪያ ፋብሪካ ቁርኝቱን የሚፈታው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ነው። ሪዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ በተራ የአፈር ሙቀት ይሠሩታል። ወደ ጥራጥሬው ሥር ገብተው እንደ ምስር ፍሬ ያሉ ትናንሽ እብጠቶች ያበጃሉ፤ ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፣ እነሱም ናይትሮጅን ይመልሱለታል።

ሥራው መሠራቱን በማሳው ላይ ማየት ይቻላል። ተክሉ አበባ ሊያወጣ ሲል በዶማ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነአፈሩ ማንሳት ነው። ጎትቶ መንቀል እብጠቶቹን መሬት ውስጥ ያስቀራቸዋል። ሥሩን በውኃ አለቅልቆ አንዱን እብጠት በጥፍር ለሁለት ሲከፍሉት ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ከቀላ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ቅላቱ የሚመጣው በደማችን ውስጥ ካለው ቀይ ንጥረ ነገር ጋር ከሚመሳሰል ፕሮቲን ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ ወይም የገባው ባክቴሪያ ሰነፍ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። እብጠት የሌለው ቬች ደግሞ እንደ ማንኛውም ሣር የአፈሩን ናይትሮጅን ከመብላት ያለፈ ነገር አያደርግም።

የባቄላ ዝምድና እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቬችን የሚወደው የሪዞቢየም ዓይነት ባቄላን፣ አተርን፣ ምስርንና ጓያንም የሚያገለግለው ነው። ወሎ ደጋና ወይና ደጋ እነዚህን ጥራጥሬዎች ሲዘራ ስለኖረ ባክቴሪያው በብዙው ማሳ ውስጥ አስቀድሞ አለ ማለት ነው። አልፋልፋ ግን ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ አዲስ ቦታ ላይ ያለ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ከዘር ጋር ታሽቶ ከሚዘራው የባክቴሪያ ዱቄት ውጭ ሲዘራ ቀጭጮ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባክቴሪያው መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ናይትሮጅን ማበጀት ብዙ ፎስፈረስ ይጠይቃል፣ ፎስፈረስ ደግሞ ከአየር አይመጣም። አፈሩ አሲዳማ በሆነባቸው ከፍተኛ ደጋዎች ፎስፈረሱ ቢኖርም ታስሮ ስለሚቀመጥ እብጠቱ ይሳሳል። ውኃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት ሥሩን አየር ይነሳዋል። ብዙ ዩሪያ በተበተነበት ማሳም ተክሉ የተዘጋጀውን ስለሚያገኝ ባክቴሪያውን መመገብ ይተዋል። ስለዚህ ቬች ዩሪያን በከፊል ሊያግዝ ቢችልም ኤንፒኤስ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ የሚተካበት መንገድ የለም።

የአንድ ጥማድ ሂሳብ

ቁጥር ካልገባበት ክርክሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ደህና የበቀለ ቬች እንውሰድ። ቬች ሲደርቅ በሄክታር 3 ቶን ያህል መስጠቱ ደህና በሚባል ማሳ የሚጠበቅ ነው፤ በጥማድ 750 ኪሎ ይሆናል። ከደረቁ ክብደት 3 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ከመሬት በላይ ባለው ሐረግ ውስጥ 22.5 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ይህ ከ49 ኪሎ ዩሪያ ጋር እኩል ነው፤ አንድ ኬሻ ማለት ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው አጠቃላይ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ የተባለ የፎስፈረስ ማዳበሪያና 100 ኪሎ ዩሪያ እንደነበረ ለሚያስታውስ፣ በጥማድ ከሚደርሰው 25 ኪሎ ዩሪያ እጥፍ ነው። ለወሬው መነሻ የሆነው ይህ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ውሸት አይደለም።

ሂሳቡ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በሥሩ ውስጥ ተጨማሪ 7.5 ኪሎ አለ ብንል ድምሩ 30 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ከአየር የመጣው 70 በመቶ ያህል ቢሆን 21 ኪሎ ነው፤ የቀረው 9 ኪሎ ከዚያው አፈር የተወሰደ ነው። ገበሬው ቬቹን በሙሉ አርሶ ከቀበረው አፈሩ 21 ኪሎ አዲስ ናይትሮጅን አተረፈ። ይህ ሁሉ ለሚቀጥለው ስንዴ በአንድ ክረምት አይደርስም፤ ሐረጉ ሲበሰብስ ከፊሉ ቶሎ ይለቀቃል፣ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ቆይቶ በቀጣዮቹ ዓመታት ይወጣል፣ ከፊሉም በውኃና በአየር ይጠፋል። ቢሆንም ትርፍ ነው።

ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ታጭዶ ቢወጣስ? ከአየር 21 ኪሎ ገብቶ 22.5 ኪሎ ወጣ። ማሳው ከነበረበት አንድ ኪሎ ተኩል ተጓደለ እንጂ አልጨመረም። ቁጥሮቹ እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ከፍና ዝቅ ቢሉም ውጤቱ ከዚሁ አካባቢ ብዙ አይርቅም። ለከብት የታጨደ ቬች የነበረበትን ማሳ ያሳርፈዋል፣ ስንዴ ተዘርቶ ቢሆን ፍሬውና ገለባው ይዘውት የሚወጡትን ያድናል፣ የእህሉን አረምና በሽታ ዑደት ይሰብራል። ያ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ኬሻ ዩሪያ ግን አልሆነም። ኬሻው ወደ በረት ሄዷል።

እዚህ ላይ "ታዲያ አርሶ መቅበር ነዋ" የሚል ሊኖር ይችላል። ለወሎ ገበሬ ይህን መምከር የሚያስቸግረው፣ ምክሩ ማሳውን ብቻ አይቶ በሬውን ስለሚረሳ ነው። የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም። በበሬ ጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚያፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት ሥራቸውን በቅጡ ለመሥራት ከመኖው 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሲሆን በሬው ሆዱ ገለባ እንደሞላ ይከሳል። የቬች ድርቆሽ ከ15 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ስላለው፣ ከገለባ ጋር ሲቀላቀል የገለባውን ጥቅም ጭምር ያነሳል። ሰኔ ላይ ቀንበር የሚሸከም በሬ፣ የምታጠባ ላም፣ ለገበያ የሚደልብ ሙክት ያለበት ቤት 750 ኪሎ እንዲህ ያለ መኖ መሬት ውስጥ እንዲቀብር መጠየቅ ኑሮውን አለማየት ነው። በእኔ ግምት ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ላለው ቤተሰብ ቬቹን ለከብት መስጠቱ ትክክል ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

ምድጃው የማዳበሪያ ጉዳይ ነው

ከብት ከበላው ናይትሮጅን በሥጋና በወተት የሚያስቀረው ትንሹን ነው፤ አምስት እጅ ከበላ አራት እጅ ያህሉን መልሶ ይጥላል። ከ22.5 ኪሎው 18 ኪሎ ገደማ በእበትና በሽንት ይወጣል ማለት ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ በሽንት ውስጥ ነው። ሽንቱ በበረቱ መሬት ላይ ይሰርጋል ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ጠዋት በረት ሲከፈት አፍንጫ የሚያቃጥለው ሽታ ከማሳ የቀረ ዩሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቀረው 9 ኪሎ በእበቱ ውስጥ ነው። በወሎ ደጋ እበት ምን ይሆናል? በእጅ ተጠፍጥፎ በግድግዳ ወይም በድንጋይ ካብ ላይ ይደርቃል፣ ኩበት ሆኖ ይከመራል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ትርፉ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ሲነድ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ሲቀሩ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ወደመጣበት አየር ይመለሳል። ባክቴሪያው በሥር ላይ ለወራት የደከመበት ነገር በአንድ ጠዋት ምጣድ ሥር ያልቃል።

ይህ የእናቶች ጥፋት አይደለም፤ እንጨት በሌለበት ኩበት ማንደድ ግዴታ ነው። ነገር ግን የመኖ ጥራጥሬ ዘመቻ ስለ ማገዶ አንድም ቃል ሳይናገር ስለ አፈር ለምነት ሲሰብክ ከሰንሰለቱ ዋናው ቀለበት ይጎድለዋል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ሊቆጥብ ይችላል። ይህ ምድጃ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በጤናና በደን ጥበቃ ዓምድ ሥር ነው። ኩበት በሚነድበት አገር ግን የማዳበሪያ ጉዳይም ነው፤ ያልነደደው ኩበት ማሳ ሊሄድ የሚችል ፍግ ነውና። በገደሉና በጓሮው ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍም፣ በአፈር ላይ ስንት ክስ ቢቀርብበት፣ እበቱን ከምጣድ ሥር በማውጣት ለማሳው የሚያደርገው ውለታ አለ። ባዮጋዝ ደግሞ ጋዙን ለማብሰያ ሰጥቶ በዝቃጩ ውስጥ ናይትሮጅኑን ስለሚያስቀር ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ዕንቅፋቱ የሚጠይቀው የከብት ብዛት፣ ውኃና የግንባታ ወጪ ነው።

ለሽንቱ ያለው መላ ከዚህ ይቀላል። ከብቱ ያልበላውን የማሽላ አገዳ፣ የግርግም ትርፍራፊና ደረቅ ቅጠል በረቱ ውስጥ ጎዝጉዞ ሽንቱን እንዲመጥ ማድረግ፣ ከዚያ ጉዝጓዙን ከእበት ጋር አብላልቶ ኮምፖስት ማዘጋጀት ነው። ጉድጓዱ ከፀሐይና ከዝናብ የተሸፈነ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ሜዳ ላይ የተበተነ ፍግ ሳይታረስ በሰነበተ ቁጥር ይተናል።

በየትኛው ወቅት ይገባል?

ወሎ አንድ የአየር ጠባይ ያለው አገር አይደለም። "ቬች ዝሩ" የሚል አንድ ምክር ለለጋምቦ ደጋና ለቆቦ ሜዳ እኩል ሊሠራ አይችልም።

በበልግ አምራች ደጋዎች፣ ለምሳሌ በግዳንና በደላንታ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ የሚዘንበው ዝናብ የገብስ ነው። የበልግን መሬት ለመኖ መስጠት ከልጅ አፍ መንጠቅ ተደርጎ ይታያል፤ ፍርዱም አግባብ አለው። ሆኖም በልጉ አመል አጥቷል። ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣና ገብሱ ሳይደርስ እንደሚቀር ሲታወቅ ለመኖ የሚዘራ ሰብል አንድ ብልጫ ይኖረዋል፤ እስከ ፍሬ መድረስ አይጠበቅበትም፣ የደረሰበት ድረስ ታጭዶ ይበላል። ቬችን ከሲናር ጋር ቀላቅሎ መዝራት የሚመከረውም ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው። ሲናሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቬቹ ይጠመጠምበታል፤ ብቻውን ሲሆን መሬት ላይ ተኝቶ ከሥር ይበሰብስ የነበረው ሐረግ አየር ያገኛል። ሲናር ግን ከአየር ናይትሮጅን እንደማያመጣ መዘንጋት የለበትም፤ ድርሻው በበዛ ቁጥር ከላይ የተሠራው ሂሳብ ይቀንሳል።

በጃማና በወረኢሉ ዙሪያ ባለው ጥቁር መሬት ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ክረምቱ ውኃ ስለሚያቁር ገበሬው ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራ፣ ጓያና ምስር መዝራቱን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ይህ ራሱ የተሟላ የጥራጥሬ ፈረቃ ስለሆነ፣ ለሰው የሚበላውንና ለገበያ የሚሄደውን ሽምብራ በቬች ለመተካት ምክንያት አይታየኝም።

ከቆቦ እስከ መርሳ ባለው ቆላማ የማሽላ አገር ትልቁ ዕድል ሽልሻሎ ላይ ነው። ማሽላው ጉልበት ድረስ ሲያድግ በመስመሮቹ መሀል በሬ ገብቶ ሲሸለሽል አረሙ ይነቀላል፣ እርጥበቱ ይሰበሰባል፣ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል። ልክ ያን ጊዜ ላብላብ ወይም የላም አተር ቢበተን ማሽላው ቀድሞ ስለተነሳ በጥላውና በውኃው አይሸነፍም፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ መሬቱ ለምለም ሽፋን ይዞ ይቆያል። ቀደም ብሎ ከተዘራ ግን ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ሁለቱ በአንድ ጠብታ ይጣላሉ። በዚሁ አካባቢ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ሰብሉን የሚያጠፋው ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራም አለ። ዴስሞዲየም ሥሩ በሚያወጣው ንጥረ ነገር የአቀንጭራውን ዘር ያለ ጊዜው ያበቅለውና የማሽላው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። በምሥራቅ አፍሪካ "ግፋ ሳብ" በሚባለው ዘዴ ውስጥ በሰፊው የተሠራበት ነው። ዴስሞዲየም ዓመታት የሚቆይ ተክል በመሆኑ ግን በጋውን ከከብት አፍ መትረፍ አለበት። እንዲህ ያሉትን ዘዴዎች በአካባቢው አፈር ላይ ለመፈተሽ ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው።

ስለ አፈር መከላት የሚነገረውም መመዘን ይኖርበታል። ወሎ በዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀመር የመጀመሪያው ጣቢያ የተከፈተው ማይባር ሐይቅ አጠገብ ነበር። ከዚሁ ምርምር የተነሳው ግምት በኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ላይ በሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ አሳይቷል። አፈሩ በብዛት የሚሄደው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ በተለይ ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ የለሰለሰው መሬት ገና ምንም ሳይሸፍነው ነው። በሰብል ሥር ዘግይቶ የሚዘራ ቬች ለዚያ ጊዜ አይደርስም። የበልግ ቬች ግን ሥሩ አፈሩን አያይዞ ሊጠብቀው ይችላል፣ ወዲያው ደጋግሞ ካልታረሰ። ስለዚህ የሽፋን ሰብል እርከንን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ማሳው ከታጨደ በኋላ የማን ነው?

ከኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ በኋላ የወሎ ማሳ የጋራ ይሆናል። የጎረቤት ከብት፣ የአላፊ አግዳሚው በግና ፍየል ቃርሚያውን ይግጣል። ይህ ልማድ መሬት የሌለውን ወይም ያነሰውን ቤተሰብ ከብት የሚያኖር፣ በረሃብ ዘመን ብዙ ሰው ያተረፈ መተሳሰብ ነው። በደረቀው ሜዳ መሀል ብቸኛው አረንጓዴ ጥማድ የእርስዎ ከሆነ ግን የመንደሩ ከብት ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው።

አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ሊከላከል አይችልም፤ አጥር ለሩብ ሄክታር ቬች ዋጋ አያወጣም። መፍትሔው በአንድ ተፋሰስ ያሉ ሰዎች በአንድ ላይ ልቅ ግጦሽን መተዋቸው ነው። የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ደንብ ብዙ ጊዜ ከወረቀት አያልፍም። በቅሬ፣ ማለትም በዕድር፣ የተማማሉበት ቃል ግን ሰው ይፈራዋል፤ ቀብርና ሐዘን አብሮት ያለ ደንብ ነውና። ደንቡ ሲወጣ ከብቱን የሚያበላበት ሌላ መሬት የሌለው ሰው ድርሻ ካልተመደበለት፣ ለምሳሌ ከተከለለ ተራራ ሣር አጭዶ እንዲወስድ ካልተፈቀደለት፣ የአፈሩ ጥበቃ በድሃው ኪሳራ የቆመ ይሆናል።

የእኩል አራሽም ጉዳይ አለ። በዕድሜ የገፉና በሬ የሌላቸው ሰዎች፣ በተለይ ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች፣ መሬታቸውን ለእኩል ይሰጣሉ። የቬች ጥቅም ለአፈሩ የሚደርሰው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ማሳ ላይ መኖሩን የማያውቅ አራሽ እንዲዘራው መጠበቅ ከባድ ነው። ውሉ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቢሆን ሂሳቡ ይለወጣል።

ሁለቱ ወገኖች የማይስማሙበት

በአንድ ወገን ያሉት ባለሙያዎች አገሪቱን የሚመግበው ስንዴና ጤፍ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ አይመረትም፣ ጥራጥሬን እንደ ምትክ ማቅረብ ገበሬውን ለረሃብ ያጋልጠዋል ይላሉ። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ዩሪያ ብቻ እየተበተነ አፈሩ ብስባሹን አጥቷል፣ በየዓመቱ ብዙ ጨምሮ ያንኑ ማግኘት ሆኗል ይላሉ። ሁለቱም በትክክል ያዩት ነገር አለ። በሄክታር ከፍተኛ ምርት ለማግኘት ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከጥራጥሬ የሚገኘው ከፊሉ ነው። ብስባሽ የሌለው አፈርም የተሰጠውን ዩሪያ መያዝ አይችልም። ፍግና የጥራጥሬ ሥር የገባበት ማሳ ግማሽ ኬሻ ዩሪያ ሲያገኝ ከራቁቱ ማሳ የተሻለ ይጠቀምበታል። ቬች ማዳበሪያን ያስቀራል ከማለት ይልቅ የተገዛውን ማዳበሪያ ፍሬያማ ያደርገዋል ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

አደጋ የሌለው አለመሆኑም ይነገር። ባቄላን ያሳደደው ቆርምድ የሚባል በሽታ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋዎች ስንቱን ከባቄላ እንዳስወጣ ይታወቃል። የባቄላ ዘመድ የሆነውን ቬች ከባቄላ አስከትሎ መዝራት በሽታና ተባይን በአንድ ቦታ ማቆየት ሊሆን ስለሚችል፣ በመሀላቸው ገብስ ወይም ስንዴ መግባት አለበት። የቬች ፍሬ ደግሞ የሰው ምግብ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታና ዳውንት ድርቅ ሲመጣ ጓያ ብቻ የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ቬችም የራሱ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ምስር ስለሚመስል ብቻ በክፉ ቀን ድስት ውስጥ እንዳይገባ ዘሩን የሚያከፋፍል ሁሉ ይህን አብሮ መናገር ይገባዋል።

ዘሩ ከየት ይምጣ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በቀላሉ ነገር፣ በዘር ነው። ለአንድ ጥማድ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቬች ይበቃል። ፕሮጀክት ሲመጣ ይታደላል፣ ፕሮጀክቱ ሲሄድ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ለመኖ የሚታጨደው አበባ ላይ እያለ ስለሆነ ዘር አይቀርም። መላው ከማሳው ዳር እንደ መደብ የሚሆን ቁራጭ ሳይታጨድ መተው ነው። እዚያ ላይ ሲናሩን ወይም ቆሞ የቀረ አገዳን ድጋፍ አድርጎ ሐረጉ እንዲወጣበት ከተደረገ ፍሬው መሬት ሳይነካ ይደርሳል። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይደርስም፣ የደረቀው ቆባም ፀሐይ ሲመታው ራሱ ፈንድቶ ይበተናል። የታችኛው ቆባ ቡናማ ሲሆን የላይኛውን ሳይጠብቁ፣ ጠዋት ጠል ሳይነሳ አጭዶ በሸራ ላይ ማድረቅ ከመፈንዳት ያድነዋል። የተበተነው ዘር አንዳንዱ ቆዳው ደንዳና ስለሆነ ዓመት ተኝቶ በስንዴው መሀል ይበቅላል፤ በአረማ ጊዜ ተነቅሎ ለጥጃ የሚሰጥ ነው።